የፈረሰ ቤት ቆሻሻ አይደለም

ቄራ በአዲስ አበባ ከተማ የሚገኝ ሰፈር ነው። ስሙን ያገኘው ከብት ከሚታረድበት ከቄራው ነው። በሬ ሲታረድ የሚጠቅመው ሥጋው ብቻ አይደለም። ቆዳው ለጫማ፣ ቀንዱ ለዋንጫ ይሆናል። ታዲያ ቤት ሲፈርስ ለምን ሁሉን እንጥላለን?

በ2017 ዓ.ም. ከቄራ ብዙም በማይርቀው በካዛንቺስ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈረሱ። የጭቃ ቤት ሲፈርስ ቆርቆሮ፣ ምስማር፣ እንጨት፣ ድንጋይና አፈር ይወጣል። እነዚህ ከተደባለቁ ቆሻሻ ናቸው። ከተለዩ ግን ሀብት ናቸው።

እንዴት እንለያቸው? ከጣሪያው ጀምረን ወደ ታች እናፍርስ። ቆርቆሮውን ሳናጣምም እናውርድ። ምስማሩን እንንቀል፤ የጎበጠውን በመዶሻ እናቃናው። ምስጥ ያልበላው እንጨት ለግድግዳ ወይም ለአጥር ያገለግላል። ድንጋዩ ለመሠረት ይመለሳል። የግድግዳው ጭቃ ተከስክሶ፣ ጭድ ተጨምሮበት እንደገና ይቦካል። የሲሚንቶ ስባሪ ለወለል መሙያ ይሆናል። አሮጌ ብረትም መርካቶ ውስጥ፣ ምናለሽ ተራ፣ ገዢ አለው፤ ተቀጥቅጦ ምድጃ ይሆናል።

የመስታወት ስባሪና የዛገ ምስማር ልጅና ከብት በማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ። በቀለም ጣሳ ውሃ ወይም እህል አይያዝ። ፍርስራሽ ወንዝ ውስጥ አይጣል። ወንዙ ከተደፈነ የክረምት ጎርፍ ቤት ይገባል።

የሚጣለው ሲበዛ ሰው ይገድላል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ ቆሼ በሚባለው ቦታ፣ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ስለዚህ ከመጣላችን በፊት እንለይ።

ጥያቄ፦ አሮጌ ቤት ስታፈርሱ የትኛውን ዕቃ መልሳችሁ ትሠሩበታላችሁ?