ስዋኒቱን ማን ይደንሳት?

ስለ እግር ኳስ የሚደረገውን ክርክር የማያውቅ አንባቢ ይኖራል ብለን አንገምትም። አጥቂው በግራ በኩል መሰለፍ ነበረበት፤ አሠልጣኙ በረኛውን የመረጠው በትውውቅ ነው፤ ያ ልጅ ገና አልበሰለም፤ ይኸኛው ደግሞ ጊዜው አልፎበታል እየተባለ ቡናው እስኪቀዘቅዝ ድረስ ይተቻል። በሞስኮና በፒተርስቡርግ ከተሞች በዚሁ ዓይነት ሙቀት፤ አንዳንድ ጊዜም ከዚህ በበለጠ ቁጣ የሚከራከሩ ሰዎች አሉ። የሚከራከሩበት ጉዳይ ግን ኳስ ሳይሆን ባሌት ነው። በሚመጣው ሐሙስ ምሽት የስዋንን ሐይቅ የምትደንሰው ማን ናት? ለምን እርሷ ተመረጠች? ያችኛዋስ ምን ጎደላት? ለዚህ ነገር ሲሉ ገንዘባቸውን በቲኬት የሚጨርሱ፤ በብርድ የሚሰለፉ፤ አንዲቱን ባሌሪና ደጋግመው ተመልክተው ዳግመኛ ለማየት የሚናፍቁ ሞልተዋል።

ሩሲያኖች እንደዚህ ላለው ሰው «ባሌቶማን» የሚል ስም አውጥተውለታል፤ በባሌት ፍቅር ያበደ እንደ ማለት ነው። በሽታው አዲስ አይደለም። ማሪ ታሊዮኒ የተባለችው ዝነኛ ዳንሰኛ በ1842 ፒተርስቡርግን ስትሰናበት አድናቂዎቿ የዳንስ ጫማዋን ገዝተው፤ አስቀቅለው፤ በስጎ በሉት ተብሎ እስከ ዛሬ ይወራል። (የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን እዚህ ላይ እናስታውቃለን።) የጫማውን ነገር እንደ ወሬነቱ ትተን ወደ ቁም ነገሩ እንግባ።

ክርክሩን ለመከታተል የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ሁለት ቤቶችን ማወቅ ይገባዋል። የሞስኮው ቦልሾይ ቴአትር ታሪኩን ከ1776 ጀምሮ የሚቆጥር ሲሆን፤ የስሙም ትርጉም «ትልቁ» ማለት ነው። የፒተርስቡርጉ ማሪንስኪ ደግሞ ሕንፃው በ1860 የተከፈተና በንጉሠ ነገሥቱ ባለቤት በማሪያ ስም የተሰየመ ነው፤ በሶቪየት ዘመን ኪሮቭ ይባል የነበረው ይኸው ቤት ነው። ለማሪንስኪ ዳንሰኞችን የሚያፈራው ትምህርት ቤት በ1738 የተመሠረተ ሲሆን፤ ዛሬ የሚጠራው በታላቋ አስተማሪ በአግሪፒና ቫጋኖቫ ስም ነው። ልጆች ወደዚያ የሚገቡት ዐሥር ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ነው፤ ስምንት ዓመት ያህልም ይማራሉ። የፒተርስቡርግ ሰዎች «የእኛ ዳንሰኞች ክንዳቸው የሚናገር፤ ጨዋነት ያላቸው፤ ከመጠን የማያልፉ ናቸው» ሲሉ፤ የሞስኮ ሰዎች ደግሞ «ዝላይና እሳት ያለው ከእኛ ዘንድ ነው፤ የእናንተው ለዓይን ያምራል እንጂ ልብ አያሞቅም» ብለው ይመልሳሉ። እውነቱን ለመናገር ክፍፍሉ እንደ ቀድሞው የጠራ አይደለም፤ ዳንሰኞቹ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ይዛወራሉና። ጋሊና ኡላኖቫ በ1944 ከሌኒንግራዱ ኪሮቭ ወደ ቦልሾይ መጣች፤ ስቬትላና ዛካሮቫም በ2003 ያንኑ መንገድ ተከተለች። ዳንሰኞቹ ቢዛወሩም ክርክሩ ከቦታው አልተነሣም።

የክርክሩ ሁሉ እናት የስዋን ሐይቅ ነው። ስዋን አንገቷ የረዘመ፤ ዝይን የምትመስል ነጭ የውሃ ወፍ ናት። በቻይኮቭስኪ ሙዚቃ የተሠራው ይህ ባሌት መጀመሪያ በ1877 በቦልሾይ ታየ፤ ለዛሬዎቹ አብዛኞች አሠራሮች መሠረት የሆነው ግን ማሪየስ ፔቲፓና ሌቭ ኢቫኖቭ በ1895 በማሪንስኪ ያቀረቡት ነው። ኦዴት የምትባል ልጃገረድ በጠንቋይ አስማት ስዋን ሆናለች፤ አንድ ልዑል ይወዳታል፤ ጠንቋዩ ግን ኦዲል የምትባለውን ልጁን ኦዴትን አስመስሎ ያመጣና ልዑሉን ያታልለዋል። ችግሩ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። የተበደለችውን ነጯንና አታላይዋን ጥቁሯን የምትደንሰው አንዲት ሴት ናት። ነጯ ትካዜን፤ ረዥም መስመርን፤ ከጀርባ የሚመነጭ ቀስ ያለ የክንድ እንቅስቃሴን ትፈልጋለች። ጥቁሯ ደግሞ ፍጥነት፤ ድፍረትና የብረት እግር ያሻታል። ሁለቱ በአንድ ሰውነት ላይ ተሟልተው የሚገኙት ስንት ጊዜ ነው? ስለዚህ አንዱ «ነጯ አስለቅሳኛለች፤ ጥቁሯ ግን ደከመችብኝ» ሲል፤ ጎረቤቱ «ጥቁሯ ቤቱን አነቃነቀችው፤ ነጯ ግን በረዶ ነበረች» ይላል። ሁለቱም የሚናገሩት ስለ አንድ ምሽትና ስለ አንዲት ሴት ነው።

በጥቁሯ ክፍል ውስጥ ደግሞ ፉዌቴ የሚባሉት የታወቁ ዙሮች አሉ። ባሌሪናዋ በአንድ እግሯ ጣቶች ላይ እየተነሣች፤ ሌላውን እግር እንደ ጅራፍ እየሰነዘረች፤ ከቆመችበት ሳትርቅ 32 ጊዜ ትዞራለች። ይህንን በ1895 ወደ ስዋን ሐይቅ ያስገባችው ኢጣሊያዊቷ ፒዬሪና ሌኛኒ ስትሆን፤ ከዚያ ወዲህ ተመልካቹ በከንፈሩ መቁጠር ለመደ። ሀያ ሰባት ላይ የቆመች ወዮላት! የሆነ ሆኖ ማያ ፕሊሴትስካያ ዙሮቹን ትታ መድረኩን በፍጥነት እየተሽከረከረች መክበብን መርጣ ነበር፤ ታላቅነቷም በዚህ አልቀነሰም። የሚቆጥረውን ተመልካች አንነቅፍም፤ ቁጥር ለማንም ሰው ግልጽ ነው፤ ትካዜ ግን አይቆጠርም። ነገር ግን ባሌሪናን በ32 ብቻ መመዘን ባለቅኔን በስንኞቹ ብዛት እንደ መመዘን ያለ ሆኖ ይታየናል።

ለመሆኑ ድርሻውን የሚያድለው ማን ነው? በደንቡ መሠረት የባሌቱ የሥነ ጥበብ ኃላፊ ነው። በአጠገቡ ግን እያንዳንዷን ባሌሪና በግል የሚያዘጋጁ አሠልጣኞች አሉ፤ እነርሱም አብዛኞቹ በዘመናቸው ያንኑ ክፍል የደነሱ ሰዎች ናቸው። ኡላኖቫ መድረኩን ከተወች በኋላ እንደ የካተሪና ማክሲሞቫና እንደ ቭላዲሚር ቫሲሊዬቭ ያሉትን ያዘጋጀችው በዚህ ሥራ ነው። የአሠልጣኝዋ ቃል ክብደት ካለው ተማሪዋም ትታያለች፤ ከሌለው ግን ከኋላው መስመር ቆማ የሌላዋን ጀርባ ስትመለከት ትኖራለች። ዝርዝሩ ከወጣም በኋላ ነገሩ አያበቃም፤ በተለይ በማሪንስኪ ስሞቹ በመጨረሻው ሰዓት ስለሚለዋወጡ፤ አንዲቱን ለማየት ብሎ ከሩቅ አገር የመጣ ሰው ሌላዋን አይቶ የሚመለስበት ጊዜ አለ።

የዕድገትንና የዝውውርን ነገር ለወጣት ሠራተኞች ማስረዳት ለቀባሪው አረዱት ይሆንብናል። ልዩነቱ ግን ይህ ነው፤ በመሥሪያ ቤት ዘንድሮ የታለፈ ሰው ለከርሞ ተስፋ ያደርጋል፤ የባሌሪና የመድረክ ዕድሜ ግን ሃያ ዓመት ያህል ብቻ ነው። ሁለት ዓመት የተከለከለ ድርሻ ከዚሁ ላይ የሚቀነስ ነው። ጉልበት አይጠብቅም። የክርክሩ ምሬት የሚመጣው ከዚህ የተነሣ ነው።

በዘመድ በጌታ መጠቀም አለ የሚለውም ጥርጣሬ ዕድሜው ረዥም ነው። ማቲልዳ ክሼሲንስካያ በዘውዱ ዘመን የፒተርስቡርግ ገናና ባሌሪና ነበረች፤ ኋላ ዳግማዊ ኒኮላስ የሆነው ልዑልም በወጣትነቱ ወዳጇ ነበር። በ1901 የንጉሠ ነገሥቱ ቴአትሮች ዲሬክተር የነበረው ልዑል ሰርጌይ ቮልኮንስኪ የታዘዘችውን በሽቦ የተነፋ ቀሚስ አልለብስም ስላለች መቀጫ ጣለባት። ከቤተ መንግሥት መቀጫው እንዲነሣላት ትእዛዝ መጣ፤ መቀጫው ተነሣ፤ ዲሬክተሩም ሥራውን ለቀቀ። አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባው ግን ይህችው ሴት የሌኛኒን 32 ዙሮች ከሩሲያ ተወላጆች መካከል በመጀመሪያ የተወጣች መሆኗን ነው። ባለ ወዳጅም ብትሆን እግሯ የራሷ ነበር።

በዩሪ ግሪጎሮቪች ዘመንም ተመሳሳይ ወሬ ነበር። ግሪጎሮቪች ከ1964 እስከ 1995 የቦልሾይን ባሌት የመራ ታላቅ ሰው ሲሆን፤ ባለቤቱ ናታሊያ ቤስሜርትኖቫ በባሌቶቹ ውስጥ ዋና ዋናውን ክፍል ትደንስ ነበር። ፕሊሴትስካያና ቫሲሊዬቭ ከእርሱ ጋር ተጣልተው ኖሩ። ሚስቱ ስለሆነች ነው የሚለውን ሐሳብ ግን እኛ በሙሉ አንቀበለውም፤ በፊልም የቀረውን የቤስሜርትኖቫን ጂዜል ያየ ሰው፤ ባሏ ሌላ ቢሆን ኖሮ ይህን ክፍል ይነፍጓት ነበር ብሎ አይከራከርም። የሚያስቆጨው የእርሷ መደነስ ሳይሆን፤ በሌሎች ላይ በር የመዘጋቱ ነገር ነው።

አፍቃሪዎቹ ከወሬ ያለፈ ሥራ የሠሩበትም ጊዜ አለ። በ1956 ቦልሾይ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሎንዶን ሲሄድ ፕሊሴትስካያ እንድትሄድ አልተፈቀደላትም፤ አባቷ በስታሊን ዘመን ተገድሎ እናቷም ታስራ ስለነበር መንግሥት አያምናትም ነበር። ጓደኞቿ ሎንዶን ሳሉ እርሷ በሞስኮ የስዋንን ሐይቅ ደነሰች። ተመልካቹ ያን ምሽት ያጨበጨበው ጭብጨባ ስለ እግር ብቻ አልነበረም፤ ባለሥልጣኖቹም ይህን አውቀውት ተቆጥተዋል። በአደባባይ መናገር በማይቻልበት አገር የማን ስም በዝርዝሩ ላይ ወጣ፤ የማንስ ቀረ የሚለው ነገር ፖለቲካ ሆኖ ነበር ማለት ነው። እጅግ የሚያስገርመው በዚያው ወር በሎንዶን የሆነው ነው። ዡልዬትን፤ ዐሥራ አራት ዓመት ያልሞላትን ልጅ፤ የደነሰችው የ46 ዓመቷ ኡላኖቫ ነበረች። ዛሬ ይህን ዝርዝር ላይ ቢያዩት አሮጊት መረጡ ብለው የሚጮኹ አይጠፉም፤ የሎንዶን ሕዝብ ግን አደነቃት።

የሰውነት ነገር ሌላው የጠብ ምንጭ ነው። በ2003 ቦልሾይ አናስታሲያ ቮሎችኮቫን ከሥራ አሰናበታት፤ ረዝማለች፤ ከብዳለች፤ የሚያነሣት ወንድ ጠፍቷል ተባለ። እርሷም ከሰሰች፤ በዚያው ዓመት የሞስኮ ፍርድ ቤት ወደ ሥራዋ እንድትመለስ ወሰነላት። ድርሻ ግን በፍርድ ቤት ትእዛዝ አይደለደልም። አፍቃሪዎቹም ሁለት ሆኑ፤ ግማሾቹ ለተሰደበች ሴት አዘኑ፤ ሌሎቹ «ክብደቷን ትተን ዳንሷን እንመልከት፤ ድሮስ ለዋናው መድረክ ትበቃ ነበር?» ብለው ጠየቁ። በሌላ በኩል የማሪንስኪዋ ኡልያና ሎፓትኪና ከብዙዎቹ የረዘመች ሆና ሳለ ቁመቷ ለነጯ ስዋን ጌጥ ሆኖላት፤ በ2017 መድረኩን እስክትለቅ ድረስ በወዳጆቿ ዘንድ እንደ መለኪያ ትታይ ነበር። ስለዚህ ረዥም መሆን ብቻውን ጥፋትም ጽድቅም አይደለም። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ እግርን እስከ ጆሮ ድረስ ማንሣት እየተለመደ ስለ መጣ፤ የጥንቱን ፎቶግራፍ የሚያውቁ ሽማግሌዎች ይህ ስፖርት እንጂ ባሌት አይደለም ይላሉ። እኛም በዚህ ወደ ሽማግሌዎቹ ሳናዘነብል አልቀረንም፤ የሐዘን ዳንስ በሰዓት እጅ አቀማመጥ ሲለካ አያምርም።

ክርክር ሁሉ ግን በአፍ አልቀረም። በጃንዋሪ 17 ቀን 2013 ሌሊት የቦልሾይ ባሌት ኃላፊ ሰርጌይ ፊሊን በቤቱ አጠገብ ፊቱ ላይ አሲድ ተደፋበት፤ የዓይኑ ብርሃን ክፉኛ ተጎዳ። ፓቬል ድሚትሪቼንኮ የሚባል፤ አስፈሪውን ኢቫንን የሚደንስ የዚያው ቤት ሶሎይስት ከሁለት ግብረ አበሮች ጋር ተይዞ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ስድስት ዓመት ተፈረደበት። እንዲመታ ተስማምቻለሁ፤ አሲድ ግን አላዘዝሁም ብሎ ተከራከረ። በችሎቱ የተነሣው ነገር ሁሉ አፍቃሪዎቹ ለዓመታት ሲያወሩት የኖሩት ነው፤ ማን ድርሻ ተነፈገ፤ የደመወዝ ጭማሪው ለማን ተሰጠ፤ የተከሳሹ ወዳጅ የነበረችው ወጣት ባሌሪና ለምን የስዋንን ሐይቅ አላገኘችም። እርሷ ምንም ወንጀል ሳይኖርባት ቤቱን ለቅቃ ወደ ሌላ ቴአትር ሄደች። ጥያቄው፤ ትደንስ ይገባት ነበር ወይስ አይገባትም የሚለው፤ በቅን ሊጠየቅ የሚችል ነበር፤ ከአሲዱ በኋላ ግን ማንም ያለ ሐፍረት ሊያነሣው አልቻለም።

አፍቃሪዎቹ ራሳቸው ንጹሐን ናቸው ለማለትም አይቻልም። በቦልሾይ «ክላካ» የሚባል የአጨብጫቢዎች ቡድን መኖሩ የታወቀ ነው፤ ነጻ ቲኬት እየተቀበለ በተነገረው ቦታ «ብራቮ» ይላል። የጠላትን ባሌሪና በዝምታ መቅጣትም ያውቁበታል። በዚህ ምክንያት ከአዳራሹ የሚሰማው ጩኸት የሕዝብ ፍርድ ይሁን የወዳጅ ሥራ ለመለየት ያስቸግራል።

አሁን አሁን ደግሞ ስለ ፈጣን ዕድገት የሚደረገው ክርክር በርትቷል። ኦልጋ ስሚርኖቫ በ2011 ከቫጋኖቫ ትምህርት ቤት እንደ ወጣች ቦልሾይ የኋላውን መስመር አስዘልሎ በሶሎይስትነት ተቀበላት። ማሪያ ኾሬቫም በ2018 ማሪንስኪ ገብታ በጥቂት ወራት ውስጥ፤ ገና በ18 ዓመቷ፤ የአንደኛ ሶሎይስትነት ማዕረግ አገኘች። ዐሥር ዓመት ከኋላ የቆሙትስ? የሚል ጥያቄ ወዲያው ተነሣ። ተሰጥኦ ተራ አይጠብቅም የሚሉ አሉ፤ ያልበሰለ ፍሬ ቀድሞ ይረግፋል የሚሉም አሉ። በስሚርኖቫ ረገድ ያስዘለሏት ሰዎች ትክክል እንደነበሩ ጊዜ አሳይቷል ብንል ብዙ ተቃዋሚ የሚገጥመን አይመስለንም፤ የቦልሾይ ዋና ባሌሪና ለመሆን በቅታለችና።

ይህችው ስሚርኖቫ በማርች 2022 የዩክሬንን ጦርነት በይፋ ተቃውማ ቦልሾይን ለቀቀችና አምስተርዳም ወደሚገኘው የኔዘርላንድ ብሔራዊ ባሌት ገባች። በዚያው ሰሞን በጃንዋሪ ዋና ዳንሰኛነትን ያገኘው ኢጣሊያዊው ጃኮፖ ቲሲም ሄደ። ዝርዝሩ ላይ የተለቀቁት ቦታዎች ለሌሎች ተሰጡ፤ ከዓመታት ጥበቃ በኋላ ድርሻ ያገኙም አልጠፉም፤ ወዳጆቻቸው እንኳ በሙሉ ልብ ለመደሰት የሚቸገሩበት ዕድል ነው። በዲሴምበር 2023 ደግሞ ማሪንስኪን ለብዙ ዘመን ሲመራ የኖረው ቫሌሪ ጌርጊዬቭ የቦልሾይም ዋና ዲሬክተር ሆኖ ተሾመ። የሞስኮና የፒተርስቡርግ ዝርዝሮች ከዚያ ወዲህ የሚወጡት በአንድ አለቃ ሥር ነው፤ ባሌቶማኖቹም የሁለቱን ቤት ስሞች ጎን ለጎን ዘርግተው የትኛዋ ስዋን የየትኛው ቤት መሆን እንዳለባት ይሟገታሉ።