«ሳይንስ አይገባኝም» ለሚሉ ልጆቻችን

በእንጅባራም በዳንግላም «ኡስታዝ፣ ሳይንስ አይገባኝም» የሚሉ ልጆች ያጋጥሙናል። ከእነዚሁ መካከል ቅዳሜ አባቱን ከሰል ሲያከስል የሚያግዝ አለ። «እንጨቱ ለምን አመድ አልሆነም?» ስንለው፣ «አፈር ለብሷላ! ቀዳዳ ካገኘ እኮ ይነዳል» ይላል።

ኬሚስትሪ ማለት ይኸው ነው። እንጨት በቂ አየር ሲያገኝ ነዶ አመድ ይሆናል። አየር ሲያጥረው ግን ውሃውና ጋዙ በጭስ ይወጣል፤ የሚቀረው በአብዛኛው ካርቦን ነው። ልጁ ነገሩን ያውቀዋል፤ የጎደለው መጽሐፉ የሰጠው ስም ብቻ ነው።

በ965 እ.ኤ.አ. በበስራ የተወለደው ኢብኑል ሀይሠም የታላቁን በጥሊሞስ መጻሕፍት ሳይቀር በጥያቄ መርምሯል። መጠየቅ ነውር ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለ ዓሊም ባልጠየቀ ነበር።

ስለዚህ ወላጆች፣ ልጅ ሲጠይቅ «ዝም በል» አንበል። «ዲከረንስ ከተነሳበት ማሳ ላይ እህሉ ለምን ያምራል?» ካላችሁ፣ አንድ ችግኝ ነቅላችሁ ሥሩ ላይ ያሉትን ጥቃቅን እባጮች አብራችሁ ተመልከቱ። በውስጣቸው ያሉት ባክቴሪያዎች የአየሩን ናይትሮጂን ለተክል ምግብነት ይለውጡታል። መልሱን ካላወቃችሁትም «ነገ መምህርህን ጠይቅና ለእኛም ንገረን» በሉት። ያን ቀን ልጁ «አይገባኝም» ማለቱን ይተዋል፣ ኢንሻአላህ።

ወቢላሂ ተውፊቅ።