ድብርትን የሚያሽረው ክኒኑ ነው ወይስ ሰው?

ቤተሰብን ከሚያስጨንቁ በሽታዎች መካከል እንደ ድብርት በዝምታ የሚኖር ጥቂት ነው። ወባ የያዛት ሴት ስትንቀጠቀጥ ጎረቤት አይቶ «ኧረ ሐኪም ቤት ሂጂ» ይላታል። ልቧ የጨለመባት ሴት ግን ጎህ ሲቀድ ተነሥታ ውኃ ትቀዳለች፣ እሳት ታነዳለች፣ ልጆቿን ወደ ትምህርት ቤት ትሸኛለች። ሌሊት እንቅልፍ እንደማይወስዳት፣ እህል እንደማይጥማት፣ የወለደችውን ልጅ እንኳ ማቀፍ እንደሰለቻት የሚያውቅ የለም። «ምን ሆነሽ ነው?» ሲሏት «ሐሳብ በዛብኝ» ብላ ታልፋለች።

ከሶር ወንዝ ወዲህና ወዲያ ባሉት የኢሉባቦር ከተሞች፣ በመቱና በጎሬ፣ በሁሩሙና በያዮ፣ ይህ ሐሳብ በኦሮምኛ «ያዶ» ይባላል። ስሙ በየቋንቋው ይለያይ እንጂ ጓዙ አንድ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሴትዮዋ ወደ ጤና ጣቢያ የምትሄደው ልቤ ጨለመ ብላ ሳይሆን ራሴን ያመኛል፣ ወገቤን ይቆርጠኛል፣ ሰውነቴ ዛለ ብላ ነው። ስለዚህም የራስ ምታት ክኒን ተሰጥቷት ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ሕመሙ ታውቆ የድብርት መድኃኒት የታዘዘላት እንደሆነ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይነሣል። «ይህ ክኒን በርግጥ ያሽራል ወይ? ሱስ ይሆንብኝ ይሆን? ሌላስ መንገድ የለም ወይ?» የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለነዚህ ጥያቄዎች በቂ ማብራሪያ መስጠት ነው።

ኀዘን ሁሉ ድብርት አይደለም

በቅድሚያ መታወቅ ያለበት ኀዘንና ድብርት አንድ አለመሆናቸውን ነው። እናቷ የሞተችባት ሴት ብታለቅስ፣ ቡናው በረገፈበት ዓመት አባወራው ቢተክዝ በሽታ አይባልም። ሐኪሞች ድብርት፣ በአሁኑ አጠራር ድባቴ የሚሉት፣ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ በየቀኑ ለማለት በሚቻል ሁኔታ ልብ ሲጨልም ወይም ቀድሞ ደስ ያሰኝ የነበረው ነገር ሁሉ ትርጉም ሲያጣ ነው። ከዚህም ጋር እንቅልፍ ይታጣል ወይም ይበዛል፣ ምግብ ያስጠላል፣ ጉልበት ይከዳል፣ ሐሳብን መሰብሰብ ያቅታል፤ ያለ ጥፋት ራስን መውቀስ፣ ሲብስም ሞትን መመኘት ይመጣል። ዋናው መለያ ግን ሕመሙ የዕለት ሥራን ማሰናከሉ ነው።

ከዚህም በላይ ድብርት መስለው የሚታዩ ሌሎች ሕመሞች አሉ። የደም ማነስ ያለባት፣ በቂ ምግብ የማታገኝ ወይም የእንቅርት ዕጢዋ ሥራውን ያጓደለባት ሴት ልክ እንደ ድብርት ሕመምተኛ ትደክማለች፣ ትቀዘቅዛለች። ስለሆነም የድብርት ክኒን ከመታዘዙ በፊት እነዚህ መመርመር ይገባቸዋል።

መድኃኒቱ ከየት መጣ?

የመጀመሪያዎቹ የድብርት መድኃኒቶች የተገኙት በአጋጣሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ለሳንባ ነቀርሳ ይሰጥ የነበረው አይፕሮኒያዚድ የተባለው መድኃኒት የአንዳንድ ሕሙማንን መንፈስ ሲያነቃቃ ታየ። በዚያው ዘመን ስዊዘርላንዳዊው የአእምሮ ሐኪም ሮላንድ ኩን ለሌላ የአእምሮ ሕመም ይሞክረው የነበረው ኢሚፕራሚን ለድብርት የሚጠቅም መሆኑን አስተዋለ፤ ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ1957 አሳተመ። ከነዚህ በኋላ አሚትሪፕቲሊን፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻም ፍሉኦክሴቲን ገበያ ላይ ዋሉ። እነዚህ ሁለቱ የዓለም የጤና ድርጅት ባወጣው የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ የሚገኙ ናቸው።

ክኒኑ እንዴት እንደሚሠራ ሲጠየቅ ለብዙ ዘመን የተሰጠው መልስ ድብርት በአንጎል ውስጥ ሴሮቶኒን ከተባለ ንጥረ ነገር ማነስ ይመጣል፣ ክኒኑም ጉድለቱን ይሞላል የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ሰፊ ግምገማ ግን ለዚህ አባባል የሚቀርበው ማስረጃ ደካማ መሆኑን አሳይቷል። ይህ ማለት ክኒኑ አይሠራም ማለት አይደለም። አሠራሩ በውል ሳይታወቅ የሚያድን መድኃኒት ብዙ ነው፤ መሥራት አለመሥራቱ የሚታወቀው በሙከራ ነው።

ምን ያህል ያሽራል?

በዚህ ጉዳይ ላይ ከተደረጉት ግምገማዎች ሁሉ ሰፊ ከሚባሉት አንዱ እ.ኤ.አ. በ2018 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው ነው። 522 ሙከራዎች፣ ከ116 ሺህ በላይ ሕሙማንና 21 ዓይነት መድኃኒቶች ተመርምረው ሁሉም መድኃኒቶች ምንም ከሌለበት ባዶ ክኒን የተሻሉ ሆነው ተገኝተዋል። ብልጫቸው ግን መጠነኛ ነው። በደፈናው ሲታይ በሁለት ወር ገደማ ውስጥ መድኃኒቱን ከወሰዱ 100 ሕሙማን 50 ያህሉ በግልጽ ሲሻላቸው፣ ባዶ ክኒን ከወሰዱት ደግሞ ከ35 እስከ 40 የሚሆኑት ይሻላቸዋል።

ይህ ቁጥር ሁለት ነገር ያስተምረናል። አንደኛ፣ ከሚሻላቸው ሰዎች ብዙዎቹ የሚሻላቸው በጊዜ ብዛት፣ በተስፋና የሚጠይቃቸው ሰው በማግኘታቸው ጭምር ነው። ሁለተኛ፣ ክኒኑ በዚያ ላይ የሚጨምረው ትንሽ ቢመስልም ከመቶ ሰው ዐሥር ዐሥራ አምስቱ ከአልጋ ተነሥቶ ልጁን ማሳደግ ቻለ ማለት ቀላል ነገር አይደለም።

እዚህ ላይ የመድኃኒት አምራቾች ድርጊት ሳይነሣ አይታለፍም። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ምርመራ እንዳመለከተው ለአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ከቀረቡት 74 ሙከራዎች ውስጥ ጥሩ ውጤት ያሳዩት ከአንዱ በቀር ሲታተሙ፣ ያላሳዩት አብዛኞቹ ወይ ተደብቀዋል ወይ ጥሩ ውጤት እንዳሳዩ ተደርገው ቀርበዋል። ስለዚህም በሕትመት ብቻ የሚመለከት ሰው ከመቶ 94ቱ ሙከራ የተሳካ ሲመስለው እውነቱ ከመቶ 51 ብቻ ነበር። የ2018ቱ ግምገማ ያልታተሙትንም ፈልጎ ለማካተት የጣረው በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላው ቁም ነገር የሕመሙ ክብደት ነው። ቀለል ያለ ድብርት ላለባት ሴት የክኒኑ ጥቅም ከባዶ ክኒን ብዙም አይለይም። የዓለም የጤና ድርጅትም ለቀላል ድብርት በመጀመሪያ ክኒን እንዳይሰጥ ይመክራል። እህል የተወችውን፣ ከአልጋ መነሣት ያቃታትን ወይም ሞትን የምትመኘውን ሴት ግን ክኒኑ ከአደጋ ሊያተርፋት ይችላል።

ክኒን የጀመረች ሴት ማወቅ የሚገባት

የድብርት ክኒን እንደ ራስ ምታት ክኒን ዛሬ ተውጦ ዛሬ አያሽርም። ለውጡ የሚጀምረው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። የጎንዮሽ ጉዳቱ ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይመጣል። አሚትሪፕቲሊን አፍ ያደርቃል፣ ሆድ ያደርቃል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ያሰኛል። ፍሉኦክሴቲን ያቅለሸልሻል፣ እንቅልፍ ይነሣል፣ ለግብረ ሥጋ ግንኙነት ያለውንም ስሜት ይቀንሳል። ሕመምተኛዋ ጉዳቱን አይታ ጥቅሙን ሳታይ በሁለተኛው ሳምንት «ይኸ ክኒን ጭራሽ አባሰብኝ» ብላ የምትጥለው ለዚህ ነው። ቀድሞ ቢነገራት ኖሮ ትታገሥ ነበር።

ከተሻላትም በኋላ ከዘጠኝ ወር እስከ አንድ ዓመት መቀጠል ይመከራል። እ.ኤ.አ. በ2021 በእንግሊዝ አገር የወጣ ጥናት ለረጅም ጊዜ መድኃኒት ከወሰዱና ደኅና ከነበሩ ሰዎች መካከል ቀስ በቀስ ካቆሙት በዓመት ውስጥ ከመቶ 56ቱ፣ ከቀጠሉት ደግሞ 39ኙ እንደገና መታመማቸውን አሳይቷል። ክኒኑ እንደ አረቄ ሱስ የሚያስይዝ አይደለም፤ ይሁንና በድንገት ሲቋረጥ ማዞርና መረበሽ ስለሚያመጣ በሐኪም ምክር ቀስ እየተባለ ይቀነሳል። ብዙ ሰው ከዚህ ጋር የሚያምታታው ዲያዝፓም ግን የድብርት መድኃኒት አይደለም። ለጥቂት ቀን ያስተኛል እንጂ ድብርቱን አያነሣም፤ ሲቆይም ሱስ ይሆናል።

ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ሐኪም ሳታማክር ክኒን አትጀምር፤ ጀምራም ከሆነ ሳታማክር አታቋርጥ። ዕድሜያቸው ከ25 ዓመት በታች የሆኑ ወጣቶች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራስን የመጉዳት ሐሳብ ሊያድርባቸው ስለሚችል ቤተሰብ በቅርብ ይከታተላቸው። አንዳንድ ጊዜ ልቧ የሚጨልም፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ያለ ልክ የምትፈነድቅ፣ ሳትተኛ የምታድርና የምትለፈልፍ ሰው ይህን ለሐኪሙ መንገር አለባት፤ ለእርስዋ የሚሰጠው ሕክምና ሌላ ነው። አሚትሪፕቲሊን ከመጠን በላይ ከተወሰደ ልብን የሚያቆም በመሆኑ ክኒኑም ሆነ የእርሻ ፀረ ተባይ ተቆልፎ መቀመጥ ይኖርበታል።

የአያቶች ወንበር

ከክኒን ሌላ መንገድ አለ ወይ ለሚለው ጥያቄ ጥሩ መልስ የተገኘው ከአፍሪካ ነው። በዚምባብዌ የሾና ቋንቋ ድብርትን «ኩፉንጊሲሳ» ይሉታል፤ ትርጉሙ ሐሳብ ማብዛት ነው፣ ልክ እንደ እኛው። የአእምሮ ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ በአገሩ የሐኪም ቁጥር እጅግ ጥቂት መሆኑን ተመልክቶ በሐራሬ ክሊኒኮች ግቢ አግዳሚ ወንበር አስቀመጠና በአካባቢው የተከበሩ አሮጊቶችን አሠልጥኖ አስቀመጠበት። ሕመምተኛዋ ከአያትየዋ ጎን ተቀምጣ ችግሯን ትዘረዝራለች፤ ከችግሮቹ አንዱን ይመርጡና መፍትሔውን አብረው ይፈልጋሉ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ምን እንደተደረገ ይነጋገራሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ሙከራ 24 ክሊኒኮችንና 573 ሕሙማንን ያካተተ ሲሆን ከስድስት ወር በኋላ ድብርት የቀረባቸው ወንበሩ ላይ ከተቀመጡት ከመቶ 14፣ የተለመደውን አገልግሎት ካገኙት ግን ከመቶ 50 ያህሉ ነበሩ።

በፓኪስታን ገጠርም እንደ እኛ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ያሉ ሴቶች ድብርት ያለባቸውን ነፍሰ ጡሮች ቤት ለቤት እየሄዱ አነጋገሩ። እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው ውጤት መሠረት ልጃቸው ስድስት ወር ሲሞላው ድብርት ያልለቀቃቸው እናቶች ከመቶ 23 ሲሆኑ፣ በሌሎቹ መንደሮች 53 ነበሩ። በተጨማሪም በእግር መሄድና ሰውነትን ማንቀሳቀስ እንደሚረዳ በብዙ ጥናት ተረጋግጧል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው እንጨት ተሸክሞ አቀበት መውጣት ድካም እንጂ መፍታቻ አለመሆኑን ነው። ጥቅም የሚሰጠው በፈቃድ፣ ከተቻለም ከጓደኛ ጋር የሚደረገው ነው።

በአገራችን

ለብዙ ዓመታት በኢትዮጵያ የአእምሮ ሆስፒታል ሲባል የሚታወቀው በአዲስ አበባ የሚገኘው አማኑኤል ነበር። ከኢሉባቦር ተነሥቶ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ እዚያ መድረስ የሚችለው ስንቱ ነው? ዛሬ በመቱ ካርል ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፤ በጅማም የአእምሮ ሕክምና ባለሙያዎች ይሠለጥናሉ። ሆኖም በጉራጌው የሶዶ ወረዳ የተደረጉት ጥናቶች እንዳሳዩት በጤና ጣቢያ ድብርት ያለበት ሰው በባለሙያ የሚለየው እጅግ አልፎ አልፎ ነው። በቡታጅራም 1 ሺህ 65 ነፍሰ ጡሮችን የተከታተለ ጥናት በእርግዝና ጊዜ የመንፈስ ጭንቀት የበዛባቸው እናቶች ምጣቸው የሚረዝም፣ ጡት ማጥባት የሚጀምሩትም ዘግይተው መሆኑን አመልክቷል። ጉዳዩ የእናቲቱ ብቻ ሳይሆን የሕፃኑም ነው።

ሰው ከሐኪም በፊት ወደ ጠበል፣ ወደ ዱዓ ወይም ወደ ጸሎት ቤት ቢሄድ የሚያስገርም አይደለም። እዚያ የሚያጽናና ሰውና ተስፋ ይገኛል። ጉዳቱ የሚመጣው «ጠበል ከጀመርሽ ክኒን ጣይ» ሲባል ነው። ሁለቱ አይጣሉም፤ የጾም ወራትም ቢሆን ክኒኑ የሚወሰድበትን ሰዓት ከሐኪም ጋር ተመካክሮ ማስተካከል ይቻላል። ክኒን እየወሰዱ አረቄ መጠጣት ወይም ጫት መቃም ግን እንቅልፍንም ሕክምናውንም ያበላሻል።

ቤተሰብ ምን ያድርግ?

ለምሳሌ ያህል ከወለደች ሦስት ወር የሆናትን አንዲት እናት እንውሰድ። ሌሊት ታለቅሳለች፣ ቀን ትፈዛለች፤ ባሏ ቀን ከሌት ይጠጣል፣ ሲመለስም ይማታል። ለዚህች ሴት ክኒን ብቻ መስጠት ጣራው እያፈሰሰ ወለሉን እንደ መወልወል ይሆናል። ሐኪም ክኒኑን ይዘዝ፤ ዱላውን የሚያስቆመው ግን ቤተሰብ፣ ሽማግሌና ሕግ ነው። በአንጻሩ ቤቷ ሰላም፣ ባሏ ደግ ሆኖ ሳለ በድብርት የተያዘችውን ሴት «ምን ጎደለሽ? ጠግበሽ ነው!» ማለት በቁስል ላይ ጨው መነስነስ ነው።

ስለሆነም ባል፣ እናት ወይም አማት ሦስት ነገር ሊያደርጉ ይችላሉ። መጀመሪያ ሳያቋርጡ ማዳመጥ ነው። ሁለተኛ፣ ሥራዋን ማቅለል፣ በተለይም ሌሊት ሕፃኑን ተቀብሎ እርስዋን ማስተኛት ነው። ሦስተኛ፣ «መሞት ያሰኝሻል ወይ?» ብሎ በግልጽ መጠየቅ ነው። መጠየቁ ሐሳቡን አያመጣባትም፤ ይልቁንም ሸክሟን ያቀልላታል። አዎን ካለች ብቻዋን ሳይተዉ ያን ዕለት ወደ ጤና ተቋም ይውሰዷት።

እንግዲህ ድብርትን የሚያሽረው ክኒኑ ነው ወይስ ሰው ለሚለው ጥያቄ መልሱ እንደ ሕመሙ ክብደት ይለያያል። ሲቀልል ሰው ይቀድማል፤ ሲከብድ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። የኢሉባቦር ሴት ቡና ሲፈላ ጎረቤቷን ትጠራለች። በሦስተኛው ስኒ የቀረችውን ጎረቤት «ለምን ቀረች?» ብሎ መጠየቅ፣ ሄዶም ማየት ከማንኛችንም አቅም በላይ አይደለም።