ከግራና እስከ ዋሽንግተን፡- ለረጅም በረራ የሚስማማ የጉዞ መስመር አመራረጥ

ባሕር ማዶ የሚኖሩ ልጆቻቸውን ለመጠየቅ ከሰሜን ወሎ የሚነሱ ወላጆች ጉዟቸውን የሚጀምሩት ከቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ሳይሆን ከቤታቸው ደጃፍ ነው። በሀብሩ ወረዳ ከምትገኘው ግራና የተነሳ መንገደኛ በመርሳ፣ በሐይቅ፣ በደሴ፣ በኮምቦልቻና በደብረ ብርሃን አድርጎ አዲስ አበባ ለመድረስ 500 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና ይጓዛል። ይህ ብቻውን አንድ ሙሉ ቀን ይፈጃል። መዳረሻው ሰሜን አሜሪካ ከሆነ ደግሞ ከዚያ በኋላ ከአሥራ አምስት ሰዓት በላይ የሚወስድ የአየር ጉዞ ይጠብቀዋል።

ትኬቱን በአብዛኛው የሚቆርጠው ባሕር ማዶ ያለው ልጅ ሲሆን የጉዞውን ድካም የሚሸከሙት ግን እናት ወይም አባት ናቸው። ልጅ ዋጋ አወዳድሮ ርካሹን ሲመርጥ፣ እናት በማያውቁት አገር፣ በማያውቁት ቋንቋ፣ ከአንዱ በር ወደ ሌላው በር እየጠየቁ ለመሄድ ሊገደዱ ይችላሉ። በመሆኑም በኢኮኖሚ ክፍል የሚደረግ ረጅም ጉዞ ምቹ የሚሆነው ወይም የሚከብደው በአውሮፕላኑ ውስጥ ብቻ ሳይሆን ገና ትኬቱ ሲቆረጥ ነው።

በአቪዬሽን ዘርፍ ያለማቋረጥ ከ16 ሰዓት በላይ የሚወስድ በረራ እጅግ ረጅም በረራ ተብሎ ይጠራል። ከእነዚህ መካከል በቀዳሚነት የሚጠቀሰው ሲንጋፖርን ከኒው ዮርክ የሚያገናኘው 15 ሺህ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው መስመር ሲሆን 18 ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል። የሲንጋፖር አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2018 በዚህ መስመር ላይ ያሰማራው ኤርባስ ኤ350 አውሮፕላን መደበኛ የኢኮኖሚ ክፍል የለውም። በ161 መቀመጫዎቹ የሚያስተናግደው የቢዝነስና ከኢኮኖሚ ከፍ ያለ ክፍል መንገደኞችን ብቻ ነው። በአንጻሩ በዚያው ዓመት የተጀመረው ከአውስትራሊያዋ ፐርዝ ወደ ለንደን የሚደረገው የ17 ሰዓት በረራ የኢኮኖሚ መንገደኞችንም ያጓጉዛል።

ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ያለው የአየር ርቀት 11 ሺህ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ አሜሪካ መብረር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1998 ሲሆን ወደ ምዕራብ የሚሄደው አውሮፕላን ባለፉት ዓመታት እንደ ሮም፣ ደብሊንና ሎሜ ባሉ ከተሞች እያረፈ ነዳጅ ሲሞላ ቆይቷል። በዚህ ዓይነት መሄጃው ከእረፍቱ ጋር ከ16 እስከ 17 ሰዓት የሚወስድ ሲሆን፣ ያለማቋረጥ የሚደረገው መመለሻ ግን ከ13 እስከ 14 ሰዓት ይፈጃል።

ብዙ መንገደኞች መሄጃውና መመለሻው ለምን እንደሚለያዩ ይጠይቃሉ። ምክንያቱ የአዲስ አበባ ከፍታ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ በመሆኑ የሞተሩ ጉልበትም ሆነ አውሮፕላኑን ወደ ላይ የሚያነሳው የክንፉ ኃይል ይቀንሳል። ስለዚህ አውሮፕላኑ ሙሉ መንገደኛና ለጉዞው ሁሉ የሚበቃ ነዳጅ በአንድ ጊዜ ይዞ መነሳት ይቸገራል። ከዚህም በላይ ወደ ምዕራብ ሲበር ነፋስ ከፊት ለፊት ይገጥመዋል። የዋሽንግተን ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ግን ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር የማይበልጥ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ አውሮፕላኑ ሙሉ ነዳጅ ይዞ ይነሳል፤ ነፋሱም ከኋላ ይገፋዋል።

ይህን መረዳት ለመንገደኛው ጠቀሜታ አለው። ለነዳጅ የሚደረግ እረፍትና የአውሮፕላን ቅያሬ የተለያዩ ነገሮች ናቸውና። አውሮፕላኑ ለነዳጅ ሲያርፍ መንገደኛው አብዛኛውን ጊዜ ከመቀመጫው ሳይወርድ፣ ሻንጣውም ሳይነካ ጉዞው ይቀጥላል። ቅያሬ ሲኖር ግን መንገደኛው ወርዶ፣ ፍተሻ አልፎ፣ አዲሱን የመሳፈሪያ በር ፈልጎ ማግኘት ይኖርበታል። ትኬት በሚቆረጥበት ጊዜ “አንድ ማረፊያ አለው” የሚለው መረጃ ብቻውን በቂ አይደለም። ማረፊያው ቅያሬ ያለው መሆን አለመሆኑ ተለይቶ ሊጠየቅ ይገባል።

ከአዲስ አበባ ወደ አሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል ለመሄድ ሦስት ዓይነት አማራጮች አሉ። የመጀመሪያው ከላይ የተገለጸው በአንድ አውሮፕላን የሚደረገው ጉዞ ነው። ሁለተኛው እንደ ፍራንክፈርት ባሉ የአውሮፓ ከተሞች ወይም በኢስታንቡል አውሮፕላን በመቀየር የሚደረግ ነው። ሦስተኛው ደግሞ በዱባይ ወይም በዶሃ በኩል የሚደረግ ጉዞ ነው።

በአውሮፓ በኩል የሚደረገው ጉዞ መንገዱን ለሁለት ተቀራራቢ ክፍሎች ይከፍለዋል። ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት ከሰባት ሰዓት በላይ፣ ከፍራንክፈርት ዋሽንግተን ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ረጅም ሰዓት መቀመጥ ለሚያስቸግረው፣ ነገር ግን ቋንቋ ለሚችልና መራመድ ለማይከብደው ሰው በመካከል ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት እግርን ማፍታታት እፎይታ ይሰጣል።

የባሕረ ሰላጤው መስመር በዋጋው የሚስብበት ጊዜ ቢኖርም ካርታው ላይ ሲታይ ሌላ ገጽታ አለው። መንገደኛው በመጀመሪያ አራት ሰዓት ያህል ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይበርና ከዚያ ወደ ምዕራብ ይመለሳል። ዱባይና ዋሽንግተን ያላቸው ርቀት አዲስ አበባና ዋሽንግተን ካላቸው ርቀት ጋር ተቀራራቢ ነው። ይህ ማለት የዱባዩን በረራ የጨረሰ መንገደኛ ረጅሙ ጉዞ ገና ሙሉ በሙሉ ከፊቱ ነው ማለት ነው። በአንጻሩ ወደ አውስትራሊያ ወይም ወደ ሩቅ ምሥራቅ ለሚሄድ ሰው ይኸው መስመር በመንገዱ ላይ ስለሚገኝ ተመራጭ ሊሆን ይችላል።

ከምቾቱ ባልተናነሰ ሊታሰብበት የሚገባው የመተላለፊያ ቪዛ ጉዳይ ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ከአውሮፕላን ማረፊያው ባይወጣም እንኳ በሼንገን አባል አገሮች ለመተላለፍ የአውሮፕላን ማረፊያ መተላለፊያ ቪዛ ይጠየቃል። የአሜሪካ ወይም የካናዳ ቪዛ ያለው ሰው ከዚህ ግዴታ ነፃ የሚሆንበት አሠራር ቢኖርም፣ ቪዛው በጉዞው ዕለት የጸና መሆኑንና ለመመለሻውም እንደሚሠራ አስቀድሞ ከሚመለከተው ኤምባሲና ከአየር መንገዱ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ይህን ሳያጣራ የሄደ መንገደኛ በቦሌ የመሳፈሪያ መስኮት ላይ ሊመለስ ይችላል። ያ ከሆነ ከግራና ጀምሮ የተደከመበት ጉዞም ሆነ ቤተሰብ የከፈለው ገንዘብ ለጉዳት ይዳረጋል።

ሌላው ጥንቃቄ የትኬቱ አቆራረጥ ነው። ሁለቱ በረራዎች በአንድ ትኬት የተያዙ ከሆነ የመጀመሪያው ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጥ መንገደኛውን በሌላ በረራ የማሳፈር ኃላፊነት የአየር መንገዱ ይሆናል። ለየብቻ የተገዙ ትኬቶች ሲሆኑ ግን ጉዳቱ የመንገደኛው ነው። ከዋሽንግተን አልፎ ወደ ሌላ የአሜሪካ ከተማ የሚሄድ ሰው ደግሞ የኢሚግሬሽንና የጉምሩክ ምርመራ የሚደረግለት መጀመሪያ በሚያርፍበት ከተማ ሲሆን፣ ሻንጣውንም በዚያው ተረክቦ እንደገና ማስረከብ ይጠበቅበታል። ለዚህ ቢያንስ የሦስት ሰዓት ክፍተት ያለው ቀጣይ በረራ መምረጥ ይበጃል። ልጆቹ በመኪና መጥተው ሊቀበሉ የሚችሉ ከሆነ ሁለተኛውን በረራ መተው የተሻለ ነው።

የአውሮፕላኑ ዓይነትም በምቾት ላይ ልዩነት ያመጣል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2012 ቦይንግ 787 ድሪምላይነርን፣ በ2016 ደግሞ ኤርባስ ኤ350ን ከአፍሪካ ቀዳሚ ሆኖ ተረክቧል። የእነዚህ አውሮፕላኖች የውስጥ አየር ግፊት ከባሕር ወለል 1 ሺህ 800 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው ጋር እንዲመጣጠን ተደርጎ የሚጠበቅ ሲሆን፣ በቀድሞዎቹ አውሮፕላኖች ግን እስከ 2 ሺህ 400 ሜትር ይደርሳል። በሰሜን ወሎ ነዋሪ አነጋገር ሲገለጽ የድሪምላይነር መንገደኛ የሚተነፍሰው አየር በመርሳና በወልድያ ከፍታ መካከል እንዳለው ዓይነት ነው። በዚህም ራስ ምታትና ድካም ይቀንሳል።

የመቀመጫዎቹ ስፋትም ይለያያል። በ787 እና በኤ350 በአብዛኛው በአንድ ረድፍ ዘጠኝ ሰዎች ይቀመጣሉ። ኤ350 ሰፋ ያለ በመሆኑ መቀመጫው በጥቂት ሳንቲ ሜትር ይበልጣል። በቦይንግ 777 አንዳንድ አየር መንገዶች ዘጠኝ፣ ብዙዎች ደግሞ አሥር መቀመጫ በአንድ ረድፍ ስለሚደረድሩ ቁጥሩን አስቀድሞ መጠየቅ ተገቢ ነው።

መቀመጫ ሲመረጥ የመንገደኛው ሁኔታ ሊታይ ይገባል። ቶሎ ቶሎ ለሚነሳ አዛውንት የመተላለፊያው ዳር፣ መተኛት ለሚሻ ወጣት የመስኮቱ ዳር ይስማማል። የአውሮፕላን መንገጫገጭ የሚያስፈራው ሰው ክንፉ አካባቢ ቢቀመጥ ንቅናቄው ይቀንስለታል። ከመጸዳጃ ቤትና ከምግብ ማዘጋጃው አጠገብ ያሉ ረድፎች ግርግር ይበዛባቸዋል። የመጨረሻው ረድፍ መቀመጫ ደግሞ ወደ ኋላ ላይዘነበል ይችላል። ሕፃን የያዘች እናት በክፍሉ የፊት ግድግዳ ሥር የሚገኘውን፣ የሕፃን አልጋ የሚንጠለጠልበትን ስፍራ አስቀድማ ማስያዝ ትችላለች።

ለረጅም ሰዓት ያለ እንቅስቃሴ መቀመጥ በጤና ላይ የሚያስከትለው ችግር እንዳለም ይታወቃል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ ያደረገው ጥናት ከአራት ሰዓት በላይ በሚወስድ ጉዞ በእግር የደም ሥር ውስጥ ደም የመርጋት አደጋ በእጥፍ ገደማ እንደሚጨምር አመልክቷል። አደጋው በአጠቃላይ ሲታይ ከስድስት ሺህ መንገደኞች በአንዱ ላይ የሚደርስ ዓይነት ቢሆንም፣ ዕድሜያቸው ለገፋ፣ በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ለተደረገላቸውና ነፍሰ ጡር ለሆኑ ሰዎች ከፍ ይላል። በየጊዜው ተነስቶ መራመድ፣ ቁርጭምጭሚትን ማንቀሳቀስና ውኃ መጠጣት ይመከራል። የአውሮፕላኑ አየር እጅግ ደረቅ ስለሆነ ውኃው ለጉሮሮና ለዓይንም ይጠቅማል። የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ መንገደኞች መድኃኒታቸውን በሚያስረክቡት ሻንጣ ሳይሆን በእጃቸው በሚይዙት ቦርሳ ማድረግ ይኖርባቸዋል።

መራመድ ለሚከብዳቸው ወይም ቋንቋ ለሚቸግራቸው ወላጆች አየር መንገዶች ያለ ተጨማሪ ክፍያ የተሽከርካሪ ወንበርና የአጃቢ አገልግሎት ይሰጣሉ። አገልግሎቱ ትኬት ሲቆረጥ ወይም ቢያንስ ከበረራው 48 ሰዓት አስቀድሞ ሊጠየቅ ይገባል። የጾም፣ የሐላል ወይም ለጤና የሚስማማ ምግብ የሚፈልግ መንገደኛም ቢያንስ አንድ ቀን አስቀድሞ ማሳወቅ አለበት።

ከግራና ለሚነሳ ሰው ግን ከዚህ ሁሉ የሚቀድም አንድ ጉዳይ አለ። ቀኑን ሙሉ በመኪና ተጉዞ በዚያው ምሽት አውሮፕላን ላይ መውጣት በእግር እብጠትም ሆነ በድካም ረገድ ጉዳቱ ከፍተኛ ነው። የመንገዱን ሁኔታ አጣርቶ፣ ቢያንስ ከአንድና ከሁለት ቀን በፊት አዲስ አበባ ገብቶ ማረፍ ጠቃሚ ነው። ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ የሚደረግ በረራ በሚኖርበት ቀን የመኪናውን ጉዞ ማሳጠርም ይቻላል። በመንገድ ላይ ሊያጋጥም የሚችለው መዘግየትም በረራውን እንዳያሳጣ ይህ ዕረፍት ዋስትና ይሆናል።

በጥቅሉ የትኬት ዋጋ ሲወዳደር ከብሩ ጎን ሦስት ነገሮች ሊጻፉ ይገባል። እነዚህም ከቤት ደጃፍ እስከ ልጅ ቤት ደጃፍ ያለው ጠቅላላ ሰዓት፣ የአውሮፕላን ቅያሬው ብዛትና በየቅያሬው መንገደኛውን የሚረዳው ሰው ማንነት ናቸው። ለወጣትና ለልምድ ባለቤት ርካሹ መስመር በቂ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያ በረራቸውን ለሚያደርጉ የግራና እናት ግን ከአዲስ አበባ ተሳፍረው ልጃቸው በሚጠብቃቸው ከተማ ብቻ የሚወርዱበት ጉዞ፣ ዋጋው ከፍ ቢልም፣ ከሁሉ የተሻለው ነው።