የሰኞ ሽንት ስለ እሑድ ነው የሚናገረው

አቃቂ ቃሊቲ በሚገኝ አንድ የብረት ፋብሪካ ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ነኝ። ሠራተኛው «ሲስተር» ይለኛል። የጠዋቱ ሰርቪስ በር ላይ ሰው ሲያራግፍ እኔም ክሊኒኬን እከፍታለሁ፤ ቃጠሎ አጥባለሁ፣ ዓይን ውስጥ የገባ የብረት ብናኝ አወጣለሁ፣ ግፊት እለካለሁ። አንድ ሰኞ ጠዋት ግን ጠረጴዛዬ ላይ ከጎዝና ከአዮዲኑ ጎን የሽንት ዕቃ ተደርድሮ ጠበቀኝ።

የአስተዳደሩ ትእዛዝ አጭር ነበር። ከዛሬ ጀምሮ ፎርክሊፍትና ክሬን የሚያንቀሳቅስ ሁሉ ሽንት ይሰጣል፤ ሐሺሽ፣ አምፌታሚን፣ የሞርፊን ዘር የሆኑ መድኃኒቶችና ኒኮቲን ይታያሉ፤ ውጤቱ በስም ዝርዝር ለሰው ኃይል ክፍል ይላካል። ሰበቡ ከንቱ አልነበረም። ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ ከክሬን ላይ የብረት ጥቅል ተንሸራቶ ሁለት ልጆች ለጥቂት ተርፈዋል፤ ኦፕሬተሩ ጠጥቶ ነበር ተባለ። ጣቱ ማሽን ውስጥ የቀረ ሰው ተሸክሜ አምቡላንስ የጠበቅሁ ነኝና፣ ፍርሃታቸው ፍርሃቴ ነው። አምኜበት ጓንቴን አጠለቅሁ።

ከፊት የተሰለፈው ወጣት የፎርክሊፍት ሾፌር ነበር። ዕቃውን ከእጄ ሳይቀበል ጎንበስ ብሎ፣ «ሲስተር፣ ትናንት እሑድ ከሰፈር ልጆች ጋር ቅሜ ነበር። ይታይብኛል እንዴ?» አለኝ። አየሁት። ዓይኑ ጥርት ያለ ነው፤ በደንብ ተኝቷል፤ እጁ አይንቀጠቀጥም። ስትሪፑን ሽንቱ ውስጥ ነክሬ ጠበቅሁ። በእነዚህ ስትሪፖች መስመር ከወጣ ሰውየው ነጻ ነው፤ መስመር ከጠፋ ተገኘበት ማለት ነው። የአምፌታሚኑ መስመር አልወጣም። የኒኮቲኑም እንዲሁ።

ጫት ውስጥ ያሉት ካቲኖንና ካቲን ከአምፌታሚን ጋር የቅርብ ዘመድ ስለሆኑ አንዳንዱ ስትሪፕ ያምታታቸዋል። አንዳንድ የጉንፋን መድኃኒትም እንዲሁ ያደርጋል። ምርቃናው ካለቀ፣ ዱካኩም ካለፈ በኋላ ርዝራዡ ከአንድ ቀን በላይ ሽንት ውስጥ ይቆያል። አዘውትሮ ሐሺሽ የሚያጨስ ሰውማ ለሳምንታት ሊታይበት ይችላል። ኒኮቲን ራሱ በሰዓታት ውስጥ ከሰውነት ይወጣል፤ የሚለካው ግን ኮቲኒን የሚባለው ውላጁ ነው፣ እሱ ደግሞ ለቀናት አይለቅም። ሲጋራ ለማቆም እየታገለ የኒኮቲን ማስቲካ የሚያኝክ ሰው እንኳ እንደ አጫሽ ይቆጠራል። በትንፋሽ የሚለካው አልኮል ብቻ ነው ለአሁኑ ሰዓት የሚቀርበው። የሰኞ ሽንት ስለ እሑድ ነው የሚናገረው፤ ሰኞ ጠዋት ፎርክሊፍቱ ላይ ስለሚወጣው ሰው ግን የሚነግረን ጥቂት ነው።

ከእሱ በኋላ አንድ አንጋፋ የክሬን ኦፕሬተር ገባ። ሁላችንም ጋሼ የምንለው ሰው ነው። ስትሪፑ ሁሉንም መስመር አወጣ፤ ንጹሕ። ስሙን ሊፈርም እስክሪብቶ ሲያነሣ ግን እጁ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። «ጋሼ፣ መቼ ነው የተኙት?» አልኩት። «ከትናንት ወዲያ ነው ልጄ። የሌሊቱን ፈረቃ ጨረስኩ፣ ተረካቢው ሲቀር የቀኑንም ያዝኩ፣ ማታ ደግሞ ጠሩኝ» አለኝ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት መደበኛው የሥራ ቀን 8 ሰዓት ነው፤ ትርፍ ሰዓትም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ማለፍ የለበትም። እንቅልፍ ማጣትን የሚያሳይ ስትሪፕ ግን ማንም ገዝቶ አላመጣልኝም።

ያው አዋጅ በአንቀጽ 14 ላይ ሠራተኛው በሥራ ቦታ በሕግ የተከለከለ አደንዛዥ ዕፅ መጠቀሙንና ሰክሮ ሥራ ላይ መገኘቱን ሕገ ወጥ ይለዋል። ተገቢ ነው፤ እኔም እፈርምበታለሁ። ጫትና ሲጋራ ግን በአገራችን ሕግ የተከለከሉ አይደሉም። አዋጁ ቀጥሎ፣ አሠሪው በበቂ ምክንያት ሲጠይቅ ሠራተኛው የጤና ምርመራ አላደርግም ማለት እንደማይችል ይደነግጋል፤ ከኤችአይቪ ምርመራ በቀር። ያች «በቀር» ከዚህ በፊት በነበረው አዋጅ 377/1996ም ነበረች። የዚያን ዘመን ፍርሃት የምናስታውስ የጤና ባለሙያዎች ለምን እንደገባች እናውቃለን። ውጤቱ እንጀራን የሚያሳጣ ከመሰለው ሰው አይመረመርም፤ ያልተመረመረ አይታከምም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ሲጠብቅ የሰው አካል ራሱ ከፍተሻ የተጠበቀ መሆኑን ጽፏል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚያሻቸው ውስጥ ያስገባል። በስም ዝርዝር አዘጋጅቶ ለሰው ኃይል ክፍል መላክ ከዚህ ሁሉ ጋር እንዴት ይታረቃል?

በውጭው ዓለምም ነገሩ ያከራክራል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2005 መጨረሻ ጀምሮ አጫሽ አልቀጥርም ብሏል። በአሜሪካ ክሊቭላንድ ክሊኒክ የተባለው ታዋቂ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ሥራ ፈላጊዎችን ለኒኮቲን ይመረምራል። የዓለም የሥራ ድርጅት በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ባወጣው መመሪያ፣ የአልኮልና የዕፅ ችግር እንደ ማንኛውም የጤና ችግር ይታይ፣ የሠራተኛውም ምስጢር ይጠበቅ ይላል። እኔ የማዘነብለው ወደዚህኛው ነው።

ምክንያቴን በገዛ ክሊኒኬ አይቼዋለሁ። ከዚያ ሰኞ በኋላ ክሊኒኩ ጭር አለ። በሦስተኛው ሳምንት አንድ የእቶን ሠራተኛ በጓደኞቹ ተደግፎ መጣ። ክንዱን በጨርቅ ጠቅልሎታል። ስፈታው ቃጠሎው የጥርስ ሳሙና ተቀብቶ፣ ሳሙናው ከመግል ጋር ደርቆ ተጣብቋል። ስድስት ቀን ሆኖታል። «ለምን አልመጣህም?» ስለው አንገቱን ደፋ። «ሽንት ትጠይቂኛለሽ ብዬ» አለ። ሳሙናውን በጨው ውሃ እያረጠብኩ በጥቂት በጥቂቱ ሳነሣ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀብኝ፤ ልጁ አንዴም አልጮኸም።

ከፋብሪካችን አጥር ውጭ፣ የቃሊቲ ጉምሩክ አካባቢ፣ ከባድ መኪኖች ይሰለፋሉ። ጅቡቲ ድረስ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሾፌሮቹ እንቅልፍ ለማባረር ይቅማሉ፣ ሲደርሱ ደግሞ እንቅልፍ ለማምጣት ጨብሲ ይጠጣሉ። የእኛ የሌሊት ፈረቃ ልጆችም ከዚህ የራቁ አይደሉም። የሥራ ሰዓቱ ሳይስተካከል ሽንት ብቻ ቢመረመር ሰዉ የሚማረው መደበቅን ነው።

የአካባቢያችን የፋብሪካ ኃላፊዎች ሆይ፣ በር ላይ የአልኮል ትንፋሽ መለኪያ አድርጉ፤ እኔም አብሬያችሁ እቆማለሁ። በግቢው ውስጥ ማጨስን በተመለከተ አዋጅ 1112/2011 ግልጽ ነው፦ በሥራ ቦታ ጣሪያ ሥር ፈጽሞ፣ ከበርና ከመስኮትም በ10 ሜትር ርቀት ውስጥ አይጨስም። እሱን አስከብሩ። በስትሪፕ ብቻ ማንንም አትቅጡ፤ በላቦራቶሪ ይረጋገጥ። በሱስ የተያዘውን ወደ አማኑኤል ሆስፒታል ላኩት፤ ፈቃድና ደመወዝም ስጡት። ሰው በገዛ በረንዳው እሑድ የሚያደርገውን ግን ለእሱ ተዉለት። ስትሪፕ ከመግዛታችሁም በፊት የፈረቃ መዝገባችሁን ግለጡ።

የዚያን ሰኞ ዝርዝር አልላክሁትም። በየስሙ አንጻር «ዛሬ ለሥራ ብቁ ነው» ወይም «አይደለም» ብቻ ጽፌ ሰጠሁ። አሥራ አራት ሰዎች ነበሩ። ብቁ አይደለም ብዬ ወደ ቤቱ የላክሁት አንድ ሰው ብቻ ነው፦ ሽንቱ ንጹሕ የነበረውን ጋሼን።