ደመኛ እኮ ይታረቃል! «ኢምፕላከብል» ግን ሌላ ነው



ባለፈው ዝግጅታችን ከእንግሊዝኛ ጋዜጣ አንድ ዜና ስናነብላችሁ «ኢምፕላከብል» የሚለውን ቃል «ደመኛ ጠላት» ብለን ተረጎምነው። ፕሮግራሙ ሳያልቅ ከአውሮራ አንድ አባት ደወሉ። «እናንተ ልጆች፣ ደመኛ ማለት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ደመኛ እኮ ይታረቃል!» አሉን። ይቅርታ ጠይቀን ስልኩን ዘጋን። ቆይተን ስናስበው ልክ ናቸው። ስለዚህ ዛሬ ስህተታችንን እናርማለን።

ቃሉ ከላቲን የመጣ ነው። «ፕሌኬት» ማለት የተቆጣን ሰው ማብረድ፣ ማባበል ነው። ፊት ላይ ያለችው «ኢም» ማፍረሻ ናት። ስለዚህ «ኢምፕላከብል» ማለት የማይበርድ ማለት ነው፤ ቢለምኑት የማይሰማ፣ ቢክሱት የማይቀበል። አነጋገሩ ላይ «ፕላ» የምትለዋ ትጠብቃለች። (እኛ ለዓመታት «ኢምፕሌከብል» ስንል ኖረናል፤ ያረመን ሰውም አልነበረም።)

ደመኛስ? ደመኛ በመካከላቸው ደም ያለ ሰዎች ናቸው። ቃሉ የሚናገረው የሆነውን ነገር ነው፤ ሰው ሞቷል፣ ደም ፈሷል። ነገሩ የማይበርድ ነው አይልም። እንዲያውም በሀገራችን ለደመኛ የተበጀ መንገድ አለ። በአማራው ደም ማድረቅ ይባላል፣ በኦሮሞው ጉማ። ሽማግሌ ይገባል፣ ካህኑ መስቀል ይዞ ይቆማል፣ የገዳይ ወገን ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይለምናል፣ ካሳ ይቆረጣል። «ኢምፕላከብል» ሊባል የሚችለው ይሄ ሁሉ ከተደረገለት በኋላ እንኳ ፊቱን የሚያዞረው ሰው ነው። እንግሊዝኛው የጠቡን ምክንያት አይነግራችሁም፤ የሚነግራችሁ የሰውየውን እምቢታ ነው።

ሌላም የሚምታታ ቃል አለ፤ «ኢሪከንሳይለብል»። እሱ የሁለት ወገን ቃል ነው፤ ሁለቱ ነገሮች አይገጥሙም ማለት ነው። በካሊፎርኒያ ለፍቺ የሚጻፈው ምክንያት ይሄው ነው። እዚህ ኮሎራዶ ደግሞ ፍርድ ቤቱ «ትዳሩ ላይጠገን ፈርሷል» የሚል ቃል ይጠቀማል፤ የደረሰበት ያውቀዋል። «ኢምፕላከብል» ግን የአንድ ወገን ጠባይ ነው። አንዱ ለመታረቅ ዝግጁ ሆኖ ሌላው ኢምፕላከብል ሊሆን ይችላል። ዜና ስትሰሙ ማን ማንን እንዲህ እንዳለው እዩ፤ ብዙ ጊዜ ቃሉን የምትሰሙት ከተከሳሹ ሳይሆን ከከሳሹ አፍ ነው።

ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አንሄድም (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ኢትዮጵያና ኤርትራ ከ1998 እስከ 2000 ተዋጉ። በታኅሣሥ 2000 አልጀርስ ላይ ፈረሙ። በ2002 የድንበር ኮሚሽኑ ባድመን ለኤርትራ ወሰነ፣ ኢትዮጵያ ግን አልለቀቀችም። ከዚያ እስከ 2018 ጦርነትም ሰላምም የለም። ያኔ ሁለቱን መንግሥታት ኢምፕላከብል ቢሏቸው ማንም አይከራከርም ነበር። በሐምሌ 2018 ግን በቀናት ውስጥ ስልክ ተከፈተ፣ አውሮፕላን በረረ። ዴንቨር ኤርፖርት የታክሲ ተራ ላይ የኤርትራና የኢትዮጵያ ሹፌሮች ጎን ለጎን ቆመን አስመራና አዲስ አበባ ስንደውል ትዝ ይለናል። ዛሬ ግንኙነቱ እንደገና ሻክሯል፣ እሱን በሌላ ዝግጅት እንመለስበታለን። ግን ያ ሐምሌ ቃሉ ያለቦታው ገብቶ እንደነበር አሳይቷል። የማይበርድ የተባለው በርዶ ነበር።

ለእኛ ለስደተኞች የቀረበው ምሳሌ ግን ቤተ ክርስቲያናችን ነው። ከ1991 የመንግሥት ለውጥ በኋላ አቡነ መርቆሬዎስ ከመንበራቸው ተነሱ፣ በ1992 አቡነ ጳውሎስ ተሾሙ፣ ከዚያ ሁለት ሲኖዶስ ሆነ። ውጭ ያለው ምእመን ሦስት ቦታ ተከፈለ፤ የሀገር ቤቱ፣ የስደተኛው፣ ገለልተኛው። ልጅ ክርስትና ሲነሳ «የት ነው የሚነሳው?» የሚለው ጥያቄ ዝም ብሎ አድራሻ መጠየቅ አልነበረም፤ መልሱ ማን እንደሚመጣና ማን እንደሚቀር ይወስናል። ሽማግሌዎች ደጋግመው ሞከሩ፣ ደጋግሞ ከሸፈ። እኛም ጭምር «እነዚያ አይታረቁም» ብለን ደመደምን። በሐምሌ 2018 ዋሽንግተን ላይ ታረቁ። አቡነ መርቆሬዎስ ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ አዲስ አበባ ገቡ፣ በ2022 እዚያው አረፉ። «እነዚያ» እያልን የከረምነው እርቁ እስኪፈረም ድረስ ነበር። ያ ሁሉ ዓመት ያልተነሳ ክርስትና፣ ያልተበላ ሠርግ ግን ተመልሶ አይመጣም።

እንግዲህ ትርጉሙን ስናርም «ደመኛ»ን ትተናል። «የማይታረቅ» ይቀርበዋል፣ ግን እሱ ስለ ነገ የሚተነብይ ይመስላል። እኛ የመረጥነው «እርቅ እምቢ ያለ» የሚለውን ነው። «ኢምፕላከብሊ ኦፖዝድ» ሲሉ ደግሞ «ምንም ቢሉት ከተቃውሞው የማይመለስ» እንላለን። ስለ ባሕር ወይም ስለ በረሃ ሲጻፍ «ምሕረት የለሽ» ይበቃል።

ያ የጋዜጣ ዜና ታርሞ እንዲህ ይነበባል፦ «መንግሥት ተቃዋሚውን እርቅ እምቢ ያለ ጠላት ሲል ከሷል።» የተቃዋሚው መልስ ዜናው ውስጥ አልነበረም።