ፈዝ ፔዳል በእጅ ሲሠራ

ፈዝ ፔዳል ከኤሌክትሪክ ጊታር ወይም ክራር የሚመጣውን ደካማ ሞገድ ከልክ በላይ አጉልቶ ጫፉን የሚቆርጥ ትንሽ ሰርኪዩት ነው። ጫፉ የተቆረጠ ሞገድ በመነሻው ድምፅ ላይ ሌሎች ቀጫጭን ድምፆች ይደርባል፤ ሻካራነቱ የሚመጣው ከዚህ ነው። ማይስትሮ የተባለው የመጀመሪያው የገበያ ፈዝ እ.ኤ.አ. በ1962 ወጣ። በአገራችን እንዲህ ያለውን የሻከረ ጊታር ከኢትዮጵያ ቅኝት ጋር አጣምሮ ለማዳመጥ ጃኖ ባንድ እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣው «ኤርታሌ» አልበም ጥሩ ማሳያ ነው።

ሁለት ድምፆች አብረው ወደ ፈዝ ሲገቡ እርስ በርስ ተጋጭተው ይደፈርሳሉ። ነጠላ ዜማ ግን ይወፍራል፣ ይረዝማል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ በነጠላ ድምፅ የሚፈሱ ቅኝቶች በመሆናቸው ፈዝ እጅግ ይስማማቸዋል። በባሕር ዳር አዝማሪ ቤቶች የለመድነው ማሲንቆም ባለ አንድ ክር ነው። ክራር ከሆነ ግርፉን ትቶ በድርድር መጫወት ይሻላል።

ለጀማሪ የሚመቸው ባዝ ፈስ የሚባለው ሰርኪዩት ነው። አንድ ኤን ፒ ኤን ትራንዚስተር፣ አንድ ዳዮድ፣ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር፣ ሁለት ካፓሲተር፣ የቮልዩም መቆጣጠሪያና ባለ 9 ቮልት ባትሪ ድንጋይ ይበቃዋል። ሬዚስተሩ ከባትሪው ፖዘቲቭ ወደ ኮሌክተር ይሄዳል። ዳዮዱ ኮሌክተርንና ቤዝን ያገናኛል፤ ቀለበት ያለበት እግሩ ወደ ቤዝ ይዞራል። ኤሚተር ከኔጌቲቩ ጋር ይታሰራል። አንዱ ካፓሲተር ድምፁን ወደ ቤዝ ያስገባል፣ ሌላው ከኮሌክተር ወደ ቮልዩሙ ያወጣል። የትራንዚስተር እግሮች አቀማመጥ እንደየዓይነቱ ስለሚለያይ ከመበየድ በፊት በቴስተር መለየት ግድ ነው።

ዕቃዎቹ ከተበላሸ ሬዲዮ ሊነቀሉ ይችላሉ። በጣና ዳር ግን የክረምቱ እርጥበት የመዳብ ሽቦንና እግሮችን ያጠቁራል፤ እስኪያበሩ በምላጭ ካልተፋቁ ብየዳው አይዝም። ያረጀ ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር ውስጡ ስለሚደርቅ በአዲስ መተካት አለበት። ሲበየድ በመጀመሪያ ሁለቱ ጫፎች ይሞቃሉ፣ ከዚያ የመበየጃው እርሳስ ይነካቸዋል። ከጥቂት ሰከንድ በላይ የቆየ ሙቀት ትራንዚስተሩን ያበላሻል። ደብዝዞ የተንጠባጠበ ብየዳ አልያዘምና ዳግም ይሞቃል። ክፍሉ አየር ማግኘቱና ከሥራ በኋላ እጅ መታጠቡ አይዘነጋ።

ሰርኪዩቱ ክፍት ሆኖ ከተቀመጠ የቤት መብራት 50 ኸርዝ ጉምጉምታ ይገባበታል። የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ውስጥ ከትቶ ቆርቆሮውን ከኔጌቲቩ ጋር ማያያዝ ይህን በእጅጉ ይቀንሰዋል፤ የውስጡ ሽቦ ግን ቆርቆሮውን እንዳይነካ በፕላስቲክ ይለበድ። ክዳኑ ሳይዘጋ ይሞከራል። ድምፅ ከሌለ መጀመሪያ የሚታዩት የባትሪው አቅጣጫና የትራንዚስተሩ እግሮች ናቸው።

ክራር ላይ በሚለጠፍ ክብ የፒየዞ ድምፅ ማንሻ የሚጠቀም ሰው ድምፁ ቀጥኖ ሊያገኘው ይችላል። ፒየዞ ከፍተኛ የመግቢያ ኦም ይፈልጋል፣ የዚህ ፈዝ መግቢያ ደግሞ ዝቅተኛ ነው። በመካከላቸው አንድ ፌት ትራንዚስተርና 1 ሜጋ ኦም ሬዚስተር ያለው መሸጋገሪያ ሲገባ ወፍራሙ ድምፅ ይመለሳል።